ያ መልሕቅ ተገልብጦ ታትሟል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ባሕር ኃይል ዓርማና ባጅ ያወጣችሁት ጽሑፍ እዚህ ደሴ ፒያሳ በጥልፍ ቤቶችና በማኅተም ቀራጮች እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ወደብ በሌላት አገር እንዲህ ያለ ርእስ መነሣቱ ደግ ነው። ይሁን እንጂ ከጽሑፉ ጋር የወጣው የድሮ የናስ ባጅ ፎቶ ግራና ቀኙ ተገልብጧል። ከሥሩ ያለው መግለጫ ደግሞ በመልሕቁ ላይ የተጠመጠመውን «እባብ» ይለዋል። እባብ አይደለም፤ ገመድ ነው።

ባጁ ፊደል የለበትምና መገልበጡን በምን አወቃችሁ ትሉ ይሆናል። ያጋለጠው ያው እባብ የተባለው ገመድ ነው። የተለመደው የመርከብ ገመድ ወደ ቀኝ የተገመደ ነው፤ አቁማችሁ ስታዩት ጉንጉኑ ከግራ ታች ተነሥቶ ወደ ቀኝ ላይ ይወጣል፣ ልክ እንደ ተራ ብሎን ጥርስ። በእናንተ ፎቶ ላይ ጉንጉኑ ከቀኝ ታች ወደ ግራ ላይ ይሄዳል። ወደ ግራ የሚገመድ ገመድም በዓለም ላይ አለ፤ ባጅ ቀራጭ ግን የሚያውቀውን ገመድ ነው የሚቀርጸው። ገጽ ስታቀናብሩ ለውበት ብላችሁ ፎቶ የምትገለብጡ ከሆነ፣ ከማተሚያ ቤት በፊት አንድ ብሎን ከጎኑ አቁሙና አስተያዩ።

ይህን ስንል እናንተን ለብቻ ለመውቀስ አይደለም። ይኸው ስሕተት በጥልፍ ማሽንም በቅርጽ ሥራም በየቀኑ ይሠራል፤ ሥሩም አንድ ነው። መለያው ምን እንደሆነ በቃል ሳይጻፍ ሥዕሉ ከስልክ ላይ ይቀዳል። በዓርማ ሥራ ባህል ግን ዋናው ቃሉ ነው። «መደቡ ይህ ቀለም፣ በላዩ ይህ ነገር፣ ወደዚህ ዞሮ፣ ይህን ይዞ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሠዓሊ ሁሉ ከዚያ ጽሑፍ ተነሥቶ ይሥላል። ሥዕሉ ቢጠፋ ከቃሉ ይመለሳል። ቃሉ ከሌለ ግን የተበላሸ ሥዕል የተበላሸ መሆኑን እንኳ የሚያውቅ አይኖርም።

አሁን ወደ መልሕቁ። ገመዱ የተጠመጠመበት መልሕቅ ለመርከበኛ ጣጣ ነው። በደንብ አይነክስም፣ ከነከሰም ሲስቡት ያውካል። ይህ የውርደት ነገር የክብር ምልክት የሆነው በእንግሊዝ አገር ነው፤ በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የባሕር ኃይሉ የበላይ የነበሩት ሎርድ ሃዋርድ ኦፍ ኤፊንግሃም በማኅተማቸው ተጠቀሙበት፣ ከዚያ የአድሚራልቲው (የባሕር ኃይሉ የበላይ መሥሪያ ቤት) ምልክት ሆነ፣ ከዚያም በብዙ አገር ባሕር ኃይል ተዛመተ። እንደ ማኅተም ቀራጭ ስናየው ምክንያቱ ብዙም አይሰወርም። ባዶ መልሕቅ ክብ ማኅተም ውስጥ ሲገባ ከዘንጉ ግራና ቀኝ ሁለት ሰፊ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ የገመዱ ጥምዝ ያንን ይሞላል። መልሕቅ የተስፋ ምልክት መሆኑ ግን ከዕብራውያን መልእክት 6፥19 ጀምሮ የታወቀ ነው፣ ያ መልሕቅም ገመድ የለበትም። ለሰንበት ትምህርት ቤት መጎናጸፊያ መልሕቅ ሲታዘዝ የባሕር ኃይሉን ሥዕል ከነገመዱ መገልበጥ የማይሆነው ለዚህ ነው።

የመልሕቁ አካል አምስት ነው፤ ከላይ ቀለበቱ፣ ከቀለበቱ ሥር አግዳሚው፣ ወደታች የሚወርደው ዘንግ፣ ከታች የሚታጠፉት ሁለት ክንዶች፣ በክንዶቹ ጫፍ ያሉት መዳፎች። ብዙ ሰው አግዳሚውን ወደ ዘንጉ መካከል ያወርደዋል፤ ያኔ መልሕቁ መስቀል ይመስላል። ሌላው ጭራሽ ይተወዋል። በእውነተኛው የጥንት መልሕቅ አግዳሚውና ክንዶቹ በአንድ አቅጣጫ አይዘረጉም፤ አንዱ ከሌላው በ90 ዲግሪ ይዞራል። አግዳሚው ከባሕሩ ወለል ላይ ሲጋደም አንዱ ክንድ ቀጥ ብሎ ወደ ጭቃው እንዲገባ ነው። በባጅ ላይ ግን ሁለቱም ፊት ለፊት ተዘርግተው ይሣላሉ፣ አለዚያ አግዳሚው ነጥብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መሐንዲስ አይቶ «ይህ መልሕቅ አይሠራም» ቢላችሁ አትደንግጡ፤ ልክ ነው፣ ባጁም ልክ ነው። እኛ የምንይዘው መጠን ዘንጉ 40 ሚሊ ሜትር ሲሆን አግዳሚው 24፣ ከመዳፍ እስከ መዳፍ 30፣ ቀለበቱ 7 ነው። መዳፎቹ ከአግዳሚው ካልሰፉ መልሕቁ ተገልብጦ የቆመ ይመስላል።

ገመዱ እባብ የሚመስለው ሁሉም ከላይ ሲሰፋ ነው። እውነተኛው አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ ያልፋል፤ ከቀለበቱ ተነሥቶ ከአግዳሚው ኋላ፣ ከዘንጉ ፊት፣ ዞሮ ከዘንጉ ኋላ፣ በመጨረሻ ከአንዱ ክንድ ፊት ወጥቶ ጫፉ ይንጠለጠላል። በጥልፍ ማሽን ፊትና ኋላ የሚባል የለም፤ ያለው ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከኋላ የሚያልፉት የገመድ ቁራጮች ይሰፋሉ፣ ቀጥሎ መልሕቁ ሙሉውን፣ በመጨረሻ ከፊት የሚያልፉት። ቁራጮቹ በሚገናኙበት ቦታ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ከዘንጉ ሥር እንዲገቡ ካልተደረገ ጨርቁ ሲሳብ ክፍተት ይወጣና ገመዱ የተቆረጠ ይመስላል። የጉንጉኑን መስመር በጠቆረ ወርቃማ ክር ሰያፍ እያደረጉ መስፋት ነው፤ ከግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ። ይህች ሰያፍ መስመር ናት ገመድን ከእባብ የምትለየው።

ስለ ቀኝና ግራ ደግሞ ግራ መጋባቱ የቆየ ነው። በዓርማ ቋንቋ ቀኝ ማለት የተመልካቹ ቀኝ አይደለም፤ ጋሻውን አንግቦ የቆመው ሰው ቀኝ ነው። ለሚያየው ግራ ይሆናል። የክብሩ ጎን ያ ነው፣ እንስሳም ወደዚያ ይመለከታል። አሜሪካኖች እንኳ ተሳስተው ነበር፤ በባሕር ኃይል መኮንኖቻቸው ቆብ ላይ ያለው ንስር እስከ እ.ኤ.አ. 1941 ወደ ግራው ይመለከት ነበር፣ በዚያ ዓመት አዞሩት። የእኛ የይሁዳ አንበሳ በንጉሡ ዘመን ሰንደቅ ላይ ፊቱ ወደ ምሰሶው ነው፣ መስቀል ያለበትን ሰንደቅ ይዞ። በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ወረደ፣ መስቀሉም የጦር ጫፍ ሆነ፤ አንበሳው ግን ፊቱን አላዞረም። አንድ የሚያሳስት ነገር ቢኖር እግሩ ነው፤ በምኒልክ ብሮች ላይ ግራ እግሩን ያነሣም ቀኝ እግሩን ያነሣም አንበሳ አለ፣ ሳንቲም ሰብሳቢ ያውቀዋል። ስለዚህ ሥዕል መገልበጡን ለማወቅ ፊቱን እንጂ የተነሣውን እግር አትመኑ።

መገልበጥ የሚፈቀድበት አንድ ቦታ አለ፤ እጅጌ። በግራ እጅጌ ላይ የተሰፋ አንበሳ ወደ ለባሹ ፊት ይመለከታል። ያው ጥልፍ በቀኝ እጅጌ ሲለጠፍ ወደ ኋላ የሚሸሽ ይመስላል። ስለዚህ ለቀኝ እጅጌ እንስሳው ብቻ ይዞራል፤ ፊደሉና የገመዱ ጉንጉን ባሉበት ይቆያሉ። ኮምፒውተሩ ላይ ሙሉውን ፋይል በአንድ ቁልፍ የሚገለብጥ ጥልፈኛ «ባሕር»ን በመስታወት የሚነበብ ያደርገዋል፤ ፊደል ባይኖር እንኳ ገመዱን ያበላሻል። የማኅተምና የናስ ሥራም በዚህ ይቃረናሉ። ማኅተም ላስቲኩ ላይ ተገልብጦ ይቀረጻል፤ በአሸዋ የሚቀለጠው የናስ ባጅ ግን ሞዴሉ ቀጥ ያለ ነው፣ ምክንያቱም አሸዋው አንዴ ይገለብጠዋል፣ ናሱ ደግሞ ይመልሰዋል። ለማኅተም የተዘጋጀውን ፋይል ለናስ መስጠት የተለመደ ጥፋት ነው። የእናንተ ፎቶ ግን ያለቀ ባጅ ስለሆነ የተገለበጠው ገጹ ሲቀናበር ይመስለናል።

ዘውዱ ላይ እንምጣ። ከኢንተርኔት ወርደው የሚመጡ የባሕር ኃይል ሥዕሎች አብዛኞቹ የእንግሊዝ ናቸው፣ ዘውዱም አብሮ ይመጣል። ለይታችሁ እዩት። ከላይ መስቀል ያለበትና ቅስቱ የሚታጠፈው የንጉሥ ዘውድ ነው፤ እሱም በ1953 እ.ኤ.አ. አንድ ዓይነት፣ ከ2022 እ.ኤ.አ. በኋላ ሌላ ዓይነት ሆኗል። የባሕር ዘውድ የሚባለው ግን ሌላ ነው፤ በወርቅ ቀለበት ላይ የመርከብ ኋላና የተነፋ ሸራ እየተፈራረቁ የቆሙበት። የዚህ ዘር ከሮማውያን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ36 ዓመት በናውሎከስ የባሕር ጦርነት ድል ያደረገው አግሪጳ የመርከብ አፍንጫ የተደረደረበት አክሊል ተሸልሟል። የባሕር ዘውድ የማንም ንጉሥ ስላልሆነ ዘውድ የሌላት አገርም ብታደርገው አያስነቅፍም። የንጉሡን መገልበጥ ግን የሌላ ቤት ማኅተም መምታት ነው።

የመርከብ ባጅ በሥርዓት መሠራት የጀመረው ብዙም ሳይርቅ ነው። በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከ1918 እ.ኤ.አ. በፊት እያንዳንዱ አዛዥ ለመርከቡ የፈለገውን ያሠራ ነበር፤ በዚያ ዓመት ኮሚቴ ተቋቋመ፣ የኢምፔሪያል ጦርነት ሙዚየም ኃላፊ የነበሩት ቻርልስ ፎልክስም ዲዛይኑን ያዙ። ያኔ ቅርጹ ራሱ ይናገር ነበር፤ ክብ ለትልቁ የጦር መርከብ፣ ባለአምስት ማዕዘን ለክሩዘር (መካከለኛ የጦር መርከብ)፣ ጋሻ ለዲስትሮየር (አነስ ያለ ፈጣን የጦር መርከብ)፣ የአልማዝ ቅርጽ ለረዳቶችና ለአውሮፕላን ተሸካሚ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሁሉም ወደ ክብ ተጠቃለለ። ስለዚህ ጋሻ ቅርጽ ያለው አሮጌ ባጅ እጃችሁ ከገባ «ይህ ተሰብሮ የተስተካከለ ነው» አትበሉ።

መሐሉ ላይ የሚገባው ሥዕል ብዙ ጊዜ ከስሙ ጋር ይጫወታል። የእኛ ሰው ሰምና ወርቅ ያውቃልና ይህ አይከብደውም። በጣና ሐይቅ ላይ «ጣናነሽ» የሚለው የጀልባ ስም ራሱ ኅብር ነው፤ ባጅ ቢሠራለት ያንን ኅብር የሚያወጣ ሥዕል ነው የሚፈለገው፣ ሌላ ተጨማሪ መልሕቅ አይደለም። ዋና መርከባችን የነበረችው «ኢትዮጵያ» በ1962 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ስትመጣ ስሟ «ኦርካ» ነበር፤ ኦርካ የባሕር አውሬ ናት። ስም ሲቀየር ባጁ አብሮ የሚቀየረው ለዚህ ነው። ባሕር ኃይላችን በ1955 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በ1996 እ.ኤ.አ. ፈረሰ፤ እንደገና ይቋቋም ተብሎ በ2019 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ለአዲስ ክፍል አዲስ ባጅ መታዘዙ አይቀርም፣ የድሮ መርከበኞች ማኅበራትም ያሠራሉ። የአሰብ መንገድ በኮምቦልቻና በባቲ የሚያልፍ ነውና ትእዛዙ ወደዚህ ወሎም ይመጣል።

በቃል መጻፍ እንዴት እንደሆነ በምሳሌ እንየው። በሐይቅ ላይ ለሚሠራ የጀልባ ማኅበር ባጅ ይፈለጋል እንበል። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፤ «ክብ፤ ጠርዙ ወርቃማ ገመድ። መደቡ ሰማያዊ። ከግርጌው ሲሶው ነጭና ሰማያዊ ስድስት የሞገድ መስመር። ከሞገዱ በላይ፣ ሳይነካው፣ ገመድ የተጠመጠመበት ወርቃማ መልሕቅ።» «ሳይነካው» የምትለዋ ቃል ያለነገር አልገባችም። በዓርማ ሥራ ወርቅና ብር (ቢጫና ነጭ ማለት ነው) ማዕድን ናቸው፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ሐምራዊ ቀለም ናቸው። ማዕድን በማዕድን ላይ፣ ቀለም በቀለም ላይ አይቀመጥም፤ ከሩቅ አይለይምና። ወርቃማው መልሕቅ ነጩን ሞገድ ከነካ ከ20 እርምጃ በኋላ መዳፎቹ ይጠፋሉ። ባንዲራችን ይህን ሕግ ሳይነግሩት ጠብቋል፤ አረንጓዴና ቀይ እንዳይነካኩ ቢጫው መሐል ገብቷል። ሰማያዊው ክብ ግን አረንጓዴውንም ቀዩንም ይነካል፤ የሚያድነው በውስጡ ያለው ቢጫ ኮከብ ነው። ይህ ሕግ የሚሻርበትም ጊዜ አለ፣ የመስቀል ጦረኞቹ የኢየሩሳሌም መንግሥት ዓርማ በብር ላይ የወርቅ መስቀል ነበር፤ ያ ግን ታስቦበት የተደረገ ነው።

ጋዜጣችሁ አብዛኛው ገጹ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ይህ ለእናንተም ይጠቅማል። አረንጓዴና ቀይ በጥቁርና ነጭ ሲታተሙ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ለዚህ መላ የተበጀው በ17ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ፔትራ ሳንክታ የተባለ ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ማኅበር አባል) በ1638 ያሳተመው ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ወርቅ በነጠብጣብ፣ ብር ባዶ፣ ቀይ በቋሚ መስመር፣ ሰማያዊ በአግድም መስመር፣ አረንጓዴ ከተመልካቹ ግራ ላይ ወደ ቀኝ ታች በሚወርድ ሰያፍ፣ ሐምራዊ በተቃራኒው ሰያፍ፣ ጥቁር በቋሚና በአግድም ጥልፍልፍ። የድሮ ቁልፎችና የደብዳቤ ራስጌዎች ላይ ያለው ጭረት ጌጥ አይደለም፣ ቀለም ነው። ለላስቲክ ማኅተም ስንቀርጸው በመስመሮቹ መካከል ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ክፍተት አንተውም፤ ከጠበበ ቀለሙ ይሞላውና ሁሉም ጥቁር ይሆናል።

ፊደል ላይ አንድ ነገር ማለት አለብን፣ ከተሰፋ በኋላ አይታረምምና። «የባሕር ኃይል» በሐመሩ ሐ እና በብዙኃኑ ኀ ነው። «የባህር ሀይል» ብሎ መጻፍ ለስልክ መልእክት ይሁን፤ ወርቅ ክር ላይ ግን ዕድሜ ልክ ይኖራል። ግእዝ ፊደል በጥልፍ ከ7 ሚሊ ሜትር ቁመት ካነሰ የ«ሕ» እግሮች ይጋጠማሉ። ክፍተቱን ለመጠበቅ እግሮቹ 1 ሚሊ ሜትር፣ ክፍተታቸውም ቢያንስ ያንኑ ያህል መሆን አለበት። ሳቲን የሚባለው ስፌት ከ7 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሰፋ ክሩ ይንጠለጠላል፣ ይያዛል፤ ስለዚህ ሰፊው የመልሕቅ ዘንግ ተከፍሎ ይሰፋል። የክሮቹ ርቀት 0.4 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከዚያ ካጠበቁት ጨርቁ ይሰበሰብና ክቡ እንቁላል ይሆናል። ከሥር የሚገባውን ማጠንከሪያ በሁለት ድርብ ማድረግ፣ ስፌቱንም ጨርቁ በሚሳብበት አቅጣጫ 0.2 ወይም 0.3 ሚሊ ሜትር ማስፋት ክቡን ክብ አድርጎ ያወጣዋል።

አብረቅራቂው ወርቅማ ክር የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ ክሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም። መርፌው ነው። በ75 ቁጥር መርፌ ቀዳዳው ይፍቀዋል፤ 90 ቁጥር ዓይነ ሰፊ መርፌ ያስፈልጋል፣ ፍጥነቱም በደቂቃ ወደ 500 ወይም 600 ስፌት ይውረድ፣ የላይኛው ክር ውጥረትም ይላላ። የቆብ ባጅ ላይ የምናየው የእጅ ሥራ ግን ክር አይደለም፤ እንደ ቀጭን ሞላ የተጠመዘዘ ባዶ ሽቦ ነው። በመቀስ ይቆረጣል፣ እንደ ዶቃ በሰም በተሸ ክር ይሰካል፣ በቢጫ ልባድ ላይም ይተኛል። ቁራጩ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢረዝም ይጎብጣል፤ ቢያጥር ልባዱ ይታያል፣ ልባዱ ቢጫ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ይህን ካውያ አይንካው፣ የናስ መወልወያም፣ ሎሚም። በደሴ ክረምት ጉም ላስቲክ ከረጢት ውስጥ የታሸገ ባጅ ይላባል፣ ይጠቁራል። በነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከጎማና ከሱፍ አርቆ ማስቀመጥ ነው፤ በሁለቱ ውስጥ ያለው ድኝ የሽቦውን ብር ያጠቁረዋልና።

የምንጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ፎቶውን መልሳችሁ አውጡት፤ ጉንጉኑ ከግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ ሲወጣ እስክታዩት አዙሩት። በጥቁርና ነጭ ከሆነ ቀለሙን በጭረት አሳዩ። ከሥሩም «ገመድ የተጠመጠመበት መልሕቅ፣ ናስ» ብላችሁ ጻፉ።

የጥልፍ፣ የማኅተምና የናስ ቅርጽ ባለሙያዎች
ደሴ፣ ፒያሳ